ከአዋላጅነት ወደ ጡት ማጥባት አማካሪነት፦ ሰዓትሽን ቁጠሪ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂዋ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል ስድስት ዓመት በአዋላጅነት ሠርታለች። ከሦስት ዓመት በፊት በዲቪ ወደ አሜሪካ መጥታ አሁን በጆርጂያ ግዛት፣ አትላንታ አጠገብ ክላርክስተን ትኖራለች፤ ሥራዋ በአረጋውያን መጦሪያ የሌሊት ፈረቃ ነው። የራሷን ልጅ ዓመት ከሁለት ወር አጥብታለች። ጡት የሚያጠቡ እናቶችን ማማከር ወይም ለጋሽ እናቶች የሰጡትን ወተት ለሕፃናት በሚያዘጋጅ የእናት ጡት ወተት ባንክ መሥራት ትፈልጋለች። ጓደኛዋ ግን «ጆርጂያ ያለ ፈቃድ ከሠራሽ ትከሰሻለሽ፤ መጀመሪያ ነርስ ሁኚ» ብላታለች።

እህቴ፣ «እትዬ» ብለሽ ስለጻፍሽልኝ እኔም ሳልግደረደር አንቺ እልሻለሁ።

ጓደኛሽ የሰማችው ውሸት አይደለም፤ ጊዜው ያለፈበት ነው እንጂ። ጆርጂያ እ.ኤ.አ. በ2016 አንድ ሕግ አውጥታ ነበር። ሕጉ ክፍያ እየተቀበሉ ጡት ማጥባትን ማማከር የሚችሉት ዓለም አቀፍ የምስክር ወረቀት ያላቸው ባለፈቃዶች ብቻ ናቸው የሚል ነበር። በግሬዲ ሆስፒታል ለዓመታት እናቶችን ስትረዳ የኖረችው ሜሪ ጃክሰን እና አብራ የመሠረተችው «ሪቺንግ አወር ሲስተርስ ኤቭሪዌር» የተባለው ድርጅት በ2018 ከሰሱ። የጆርጂያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2023 ሕጉ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ሻረው። ስለዚህ የሚያስፈራሽ ፖሊስ የለም። የሚያስቸግርሽ የቀጣሪዎች ምርጫ ነው፤ ብዙ ሆስፒታሎች የምስክር ወረቀቱንም የነርስነት ፈቃዱንም በአንድ ሰው ላይ ማየት ይወዳሉ።

የምስክር ወረቀቱ አይ.ቢ.ሲ.ኤል.ሲ. ይባላል። ፈተናው በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያና በመስከረም አካባቢ ይሰጣል፤ 175 የምርጫ ጥያቄዎች አሉት። እንዳንቺ ላለች የጤና ባለሙያ የሚፈለገው የትምህርት ማስረጃ፣ ስለ ጡት ማጥባት 95 ሰዓት ትምህርት እና 1,000 ሰዓት የተግባር ሥራ ነው። አሁን የምነግርሽን ልብ ብለሽ ስሚ፦ ያ 1,000 ሰዓት ከማመልከቻሽ በፊት ባሉት አምስት ዓመታት ውስጥ የተሠራ መሆን አለበት። አንቺ ከመጣሽ ሦስት ዓመት ሆኖሻል። እንግዲህ ከአዲስ አበባው ስድስት ዓመት የሚቆጠርልሽ የመጨረሻው ሁለት ዓመት ብቻ ነው፤ እሱም በየወሩ አንድ ወር ከኋላው ይቆረጣል። የፈረቃሽ ሰዓት በሙሉ እንደማይያዝም እወቂ። የሚያዘው ስለ አጎራረስ ያስተማርሽበት፣ እንገሩን እንዳያፈስሱት ያስረዳሽበት፣ ያለ ጊዜው የተወለደውን ደረት ለደረት አስታቅፈሽ እናቱ ወተቷን እንድታልብ የረዳሽበት ጊዜ ነው። በዚህ ሳምንት ለቀድሞ አለቃሽ ጻፊና ማኅተም ያለበት ማረጋገጫ ለምኚ። ትራንስክሪፕትሽንም አብረሽ ጠይቂ። ሬጅስትራር ቢሮ ሄዶ የሚወተውት ወንድም ወይም የአክስት ልጅ ካለሽ ዛሬ ደውዪለት፤ ኢሜይል ብቻውን ምን ያህል እንደሚያስኬድ ታውቂዋለሽ።

የጎደለውን ሰዓት የት ትሞዪዋለሽ? እኔ ብሆን መጀመሪያ የማንኳኳው የዊክን በር ነው። ዊክ ለእናቶችና ለሕፃናት ምግብ የሚያግዘው የመንግሥት ፕሮግራም ነው፤ አንቺም ሳትጠቀሚበት አልቀረሽም። እዚያ የእናቶች አቻ አማካሪ የሚባል ሥራ አለ። ዲግሪ አይጠይቅም። የሚፈለገው ራሷ ያጠባች፣ የአካባቢውን እናቶች የምትመስልና ቋንቋቸውን የምትናገር ሴት ናት። ደመወዙ አሁን ከምታገኚው ላይበልጥ ይችላል፤ ብዙ ጊዜም ሙሉ ቀን አይደለም። ስለዚህ የሌሊቱን ሥራ ወዲያው አትልቀቂ። ሰዓቱ ለፈተናው እንዲያዝልሽ በማን ክትትል እንደምትሠሪ ግን ከመጀመሪያው ቀን አጣሪ።

ቋንቋ ስል ለወግ አይደለም። የበኩር ልጄ እዚህ አገር በ31 ሳምንቱ ሲወለድ ወተቴ ቶሎ አልመጣም። ነርሷ ወረቀት ይዛ መጣች፤ በስልክ ያለው አስተርጓሚ «ከወተት ባንክ ወተት ሊሰጡት ነው፣ ፈርሚ» አለኝ። እኔ የመሰለኝ የላም ወተት ነው፤ አልፈርምም አልኩ። የሌላ እናት ወተት መሆኑን ያወቅኩት በማግሥቱ ነው። የጡት ልጅና የጡት እናት በሚባልበት አገር ላደገች ሴት ይህን ማስረዳት አምስት ደቂቃ አይፈጅም ነበር! ሙስሊም እናት ደግሞ ጥያቄዋ ሌላ ነው፦ አንድ ጡት የጠቡ ልጆች ወንድምና እህት ስለሚሆኑ አይጋቡም፤ የባንኩ ወተት ደግሞ የብዙ እናቶች ቅልቅል ነው። ይህን ሳትደነግጥ ሰምታ ከሐኪሙና ከሃይማኖት አባቷ ጋር የምታገናኛት ባለሙያ በየሆስፒታሉ አትገኝም።

ወደ ወተት ባንኩ ስመጣ፣ ፍላጎትሽን ወድጄዋለሁ፤ ነገር ግን የመጀመሪያ እቅድሽ አታድርጊው። ለአትላንታ ቅርብ ከሆኑት አንዱ አላባማ በርሚንግሃም፣ ሌላው ሰሜን ካሮላይና ካሪ ነው፤ በየቀኑ የሚመላለሱበት መንገድ አይደለም። ሥራውም ከምታስቢው ይልቅ ወደ ላቦራቶሪ ያደላል። የለጋሿ ደም ለኤች.አይ.ቪ.፣ ለጉበት ቫይረስና ለቂጥኝ ይመረመራል፤ ወተቱ ተቀላቅሎ በ62.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ30 ደቂቃ ይሞቃል፣ ወዲያው ይቀዘቅዛል፣ ባክቴሪያ እንዳይኖረው ይፈተሻል። ለአንቺ የሚስማማሽ ለጋሾችን በስልክ ጠይቆ የመመዝገቡ ሥራ ይመስለኛል። በእጅሽ ላይ ያለው ልምድ ግን ወተቱ በሚደርስበት ክፍል፣ ከ1,500 ግራም በታች ሆነው በተወለዱት አልጋ አጠገብ የበለጠ ይፈለጋል።

እዚያ ለመድረስ ነርስነቱ ይረዳል፤ ጓደኛሽ በዚህ ልክ ናት። ዲግሪሽ የአዋላጅነት ብቻ ከሆነ ለነርስነት ፈተና ከመቀመጥሽ በፊት ተጨማሪ ኮርሶች ልትጠየቂ ስለምትችዪ ማስረጃሽን አስገምግሚና መልሱን ስትጠብቂ ሌላውን ሥሪ።

የላክሽልኝን ሲቪ አየሁት። ፎቶግራፉን፣ የትውልድ ዘመኑንና «ያገባች» የሚለውን አውጪ፤ እዚህ አይጠየቅም። «በማዋለጃ ክፍል ሠርቻለሁ» ያልሽውን አንድ መስመር ደግሞ ዘርዝሪው፦ በአንድ ፈረቃ ስንት እናቶች፣ ስንት ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ፣ መንታ ስታጠባ የረዳሻት ካለች እሷንም። ቁጥሩን የቀድሞ አለቃሽ ከሚጽፍልሽ ማረጋገጫ ጋር አስታርቂና መልሰሽ ላኪልኝ።