ሁለት ቦቴ ውኃ ለምን መጣ?

ጥያቄ፦ የቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነዋሪ ነኝ። ውኃ ሲጠፋ በቦቴ ለሚያመላልስ ሰው የማዘዣ መተግበሪያ ሠርቼለታለሁ። ደንበኞች «ይዘዙ» የሚለውን አዝራር ደጋግመው ስለሚጫኑ ለአንድ ሕንፃ ሁለት ቦቴ ይላካል። አሠሪዬ «ሰው ስለማያነብ ነው፤ የሚንጠባጠብ ውኃ አሳይበት» ይለኛል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ደንበኞችህ ማንበብ አላቃታቸውም፤ አዝራሩ ነው ዝም ያላቸው። ሱቅ በር ላይ ቆመህ «ስኳር አለ?» ስትል ባለሱቁ ካልመለሰልህ ደግመህ ትጣራለህ። እነሱም ያደረጉት ይህንኑ ነው።

ጣት ካረፈበት በ0.1 ሰከንድ ውስጥ አንድ ነገር ከተለወጠ ሰው መልሱን ወዲያው እንዳገኘ ይሰማዋል። ከ1 ሰከንድ በላይ ሲቆይ ሐሳቡ ይቆራረጣል፤ 10 ሰከንድ ካለፈ ወደ ሌላ ጉዳዩ ይዞራል። የድረ ገጽና የመተግበሪያ አጠቃቀም ባለሙያው ጄኮብ ኒልሰን እነዚህን ልኮች በ1993 (እ.ኤ.አ.) አስፍሯቸዋል፤ ኢንተርኔት ቢፈጥንም አልተሻሩም፤ የሚለካው ሰው ነዋ።

ስለዚህ የአዝራሩ ቀለም ሰርቨሩ (ትእዛዙን የሚቀበለው ኮምፒውተር) እስኪመልስ አይጠብቅ፤ ጣት እንደነካው ይለወጥ። ጽሑፉም «እየተላከ ነው» ይበል፤ አዝራሩ ደግመው ቢጫኑትም አይቀበል። የሚሽከረከር ክብ ብቻውን አታስቀምጥ። ኔትወርክ ቢጠፋም መሽከርከሩን የማይተው ውሸታም ነው። 10 ሰከንድ ሲያልፍ «እስካሁን ማረጋገጫ አልደረሰንም፤ እንደገና ይሞክሩ» ብለህ በግልጽ ጻፍ።

ዋናው ወጥመድ ያለው ግን እዚህ ላይ ነው። ትእዛዙ ደርሶ መልሱ ብቻ መንገድ ላይ ሊቀር ይችላል። ያን ጊዜ «እንደገና ይሞክሩ» ያልከው ራስህ ሁለተኛውን ቦቴ ትጠራለህ። መፍትሔው፣ ስልኩ ለእያንዳንዱ ትእዛዝ አንድ መለያ ቁጥር እንዲፈጥርና በድጋሚ ሲላክም ያንኑ ቁጥር እንዲይዝ ማድረግ ነው። ሰርቨሩ ቁጥሩን ቀድሞ ካየው አዲስ ቦቴ ሳይመዘግብ የመጀመሪያውን መልስ ይመልሳል። ይህ ለዓይን የማይታይ ሥራ ነው፤ ያለ እርሱ ግን ላይ ላዩን ያሳመርከው ሁሉ ከንቱ ይሆናል።

«ታዝዟል» የሚለውን ደግሞ ማረጋገጫው ሳይመጣ እንዳትጽፍ። ፎቶ ሲወደድ ልቧን ቀድሞ ማቅላት ያምራል፤ ቢከሽፍም የሚጎዳ የለም። እዚህ ግን በርሜል ደርድራ የምትጠብቅ እናት አለች።

የአሠሪህ ጠብታ ካስፈለገች ትእዛዙ ከተረጋገጠ በኋላ አንዴ ትውረድና ትብቃ። በእኔ አስተያየት፣ ቧንቧው ለደረቀበት ሰው የሚንጠባጠብ ውኃ ማሳየት ፌዝ ነው።

ሳትጠይቀኝ ልጨምር፦ የስልክ ቁጥር በሚሞላበት ቦታ ላይ +251 አስቀድመህ ከጻፍክ ብዙ ሰው ከልማዱ የተነሣ 09 ወይም 07 ብሎ ይቀጥላል። «ስሕተት» ብለህ በቀይ አታስደንግጠው፤ ዜሮዋን ራስህ አንሣት።