የፔጆ 404 ፋን ከቁልፍ መስመር አይቀጠልም

ወንድሜ፣ ከሐረር የጻፍከውን ደጋግሜ አነበብኩት። የአባትህ ፔጆ 404 ከድሬ ስትወጣ ደንገጎ ዳገት ላይ ታፈላለች። ራዲያተሩን የሚያቀዘቅዘው ፋኗ መዞር አቁሟል። ኤሌክትሪሻኑ «በባትሪ የሚሠራ ፋን ገዝተን በቀጥታ ከቁልፉ መስመር እንቀጥለው» ብሎሃል። እሺ ልበለው ወይ ነው ጥያቄህ። እባክህ እሺ አትበለው።

የእኔም 404 ናት። የምኖረው ድሬ፣ ሳቢያን ሰፈር ነው፤ በእሷ ሐረር ስመላለስ ብዙ ዓመት ሆነኝ። አንድ ባለሙያ ልክ ላንተ እንደተባለው አድርጎ ቀጠለልኝ። ሁለት ሳምንት ያህል ደህና ሠራ። አንድ ቀን ዳገቱን ስወጣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝና ሞተሩ ጠፋ። ከመሪው ሥር ሽቦዎቹ ቀልጠው እርስ በርስ ተጣብቀዋል። ልጆቼ ከኋላ ተቀምጠው ነበር። ጭሱን ሳይ የደነገጥኩት ድንጋጤ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

እንዲህ ያለ ፋን ሲዞር ከ10 እስከ 20 አምፒር ይስባል። ሲነሳ ደግሞ ለቅጽበት ከዚያም በላይ ነው። 404 በአውሮፓውያኑ 1960 ስትወጣ የቁልፏ መስመር ለዚህ ጭነት አልተሠራም።

ግን ፋን ከመግዛትህ በፊት የራሷን ፋን እይልኝ። የብዙዎቹ 404 ፋን ሁልጊዜ አይዞርም። ሞተሩ በቺንጋ የሚያዞረው ፑሌጃ ላይ ማግኔት አለ። ውሃው ሲሞቅ የሙቀት ስዊቹ ኤሌክትሪክ ይለቃል፤ የሚዞረውን ክፍል እየነካች ኤሌክትሪክ በምታሳልፍ አንዲት ትንሽ ካርቦን አልፎ ማግኔቱ ጋ ይደርሳል፤ ማግኔቱም ፋኑን ስቦ ከፑሌጃው ጋር ያዞረዋል። ውሃው ሲበርድ ይለቀዋል። ሞተሩ በከንቱ ፋን እንዳያዞር ታስቦ ነው፣ በጣም የምወደው ሥራ ነው። እንግዲህ ካርቦኗ ካለቀች ወይም ሽቦዋ ከተነቀለ ፋኑ ዝም ይላል። ሞተሩን አጥፋና ከባትሪው ፖዘቲቭ በፊውዝ በኩል ለካርቦኗ ኤሌክትሪክ ስጣት። «ጠቅ» ካለ ማግኔቱ ደህና ነው። ጣጣው ሽቦው ወይም ስዊቹ ጋ ነው፤ ያ ደግሞ በትንሽ ወጪ ይስተካከላል። መንገድ ላይ ከቸገረህም ፋኑ መሐል ያሉትን ሦስት ብሎኖች እኩል አጥብቃቸው። ፋኑ ከፑሌጃው ጋር ይቆለፍና ሳያቋርጥ ይዞራል። እኔን ደንገጎ ላይ ሁለት ጊዜ ከመጎተት አድኖኛል።

ማግኔቱ ከተቃጠለ ግን ሌላ ፋን መግጠም ግድ ነው። ያኔ ሪሌ ይኑረው፤ በትንሽ ኤሌክትሪክ ትልቁን የሚከፍትና የሚዘጋ ማብሪያ ማለት ነው። ባለ 12 ቮልት፣ ባለ 40 አምፒር ሪሌ ግዛ። እግሮቹ ላይ ቁጥር ተጽፏል። 30 ከባትሪው ፖዘቲቭ ይመጣል፤ ባለ 30 አምፒር ፊውዝ ባትሪው አጠገብ ይግባበት እንጂ መሐል ላይ አይሁን። 87 ወደ ፋኑ ይሄዳል። 86 ቁልፉ ሲከፈት ኤሌክትሪክ ከሚያገኝ ሽቦ ይቀጠላል። 85 ወደ ሙቀት ስዊቹ ይወርዳል፣ ስዊቹም ከኔጌቲቭ ጋር ያገናኘዋል። በዚህ አሠራር በቁልፉ በኩል የሚያልፈው ከግማሽ አምፒር በታች ነው። ከባትሪ ወደ ፋን የሚሄደው ሽቦ ባለ 4 ሚሊሜትር ካሬ ይሁን። የፋኑን ኔጌቲቭ ቀለም ባለበት ቆርቆሮ ላይ አትሰረው፤ ፍቀህ ብረቱን አውጣ፣ ወይም በራሱ ሽቦ እስከ ባትሪው ውሰደው። ካሰርክ በኋላ በወረቀት ሞክር። ከፊት ስታስጠጋው ራዲያተሩ ላይ መለጠፍ አለበት። ከገፋው ፋኑ ወደ ኋላ እየዞረ ነው፤ ሁለቱን ሽቦ አቀያይር።

የሙቀት ስዊቹን ስትገዛ ላዩ ላይ ሁለት ቁጥር ታያለህ፣ ለምሳሌ 92-87። አንደኛው የሚነሳበት፣ ሁለተኛው የሚጠፋበት ዲግሪ ነው። እዚህ ላይ ረጋ ብለህ አስብ። ድሬ ላይ ውሃ የሚፈላው 96 ዲግሪ አካባቢ ነው። እናንተ ሐረር ከፍታ ላይ ወደ 94 ይወርዳል። የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ካልያዘ 92 ላይ የሚነሳ ፋን ዘግይቷል ማለት ነው። ስለዚህ ከ90 በታች የሚነሳ ምረጥ፣ ክዳኑንም ቀይር። ራዲያተሩ የነሐስ ከሆነ ጥሩ የራዲያተር ሠራተኛ የስዊቹን ቦታ ይበይድልሃል፤ በዚያው ውስጡን ያጽዳልህ። በዝቃጭ የተደፈነ ራዲያተርን የትኛውም ፋን አያድነውም።

እኔ ዳሽቦርዱ ሥር አንዲት ትንሽ ማብሪያ ጨምሬያለሁ፤ የሪሌውን 85 በእጅ ከኔጌቲቭ ጋር ታገናኘዋለች። ዳገቱን ከመጀመሬ በፊት አበራታለሁ። ስዊቹ አንድ ቀን ቢከዳኝ እንኳ ፋኑ ይዞራል።

አንድ ነገር ቀረኝ። መኪናህ ባትሪ የሚሞላው የድሮው ዲናሞ ካለባት፣ ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲዞር ብዙ ኤሌክትሪክ አያመነጭም። ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር ላይ ቆመህ ፋኑ ሲዞርና መብራት ሲበራ የሚያልቀው ባትሪው ነው። ሜትር ያዝና ለካ። ሁሉም በርቶ ከ12.5 ቮልት በታች ከወረደ፣ ፋኑን ከመግጠምህ በፊት በዲናሞው ፈንታ አልተርኔተር ያስፈልግሃል።

መጀመሪያ ካርቦኗን እይና ምን እንዳገኘህ ጻፍልኝ።