የአሮጌዋ ዲኤክስ ፍሬን፦ ዲስክ ከመግዛትሽ በፊት ዘይቱን እዪው

ደብዳቤው እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ ባሕር ዳር ዓባይ ማዶ የምኖር አስተማሪ ነኝ። ከአባቴ የወረስኳት የ1982 ሞዴል ቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስ አለችኝ። ባለፈው ወር አራት ሆነን ወደ አዲስ አበባ ስንሄድ የዓባይን በረሃ ወርደን ድልድዩ አጠገብ ስንደርስ የፍሬኑ ፔዳል እንደ ስፖንጅ ለሰለሰና ወለል ነካ። በማርሽና በእጅ ፍሬን አቆምኳት። ግማሽ ሰዓት ካረፈች በኋላ ፔዳሉ ተመለሰ። ከተማ ውስጥም ፍሬን ስይዝ ወደ ቀኝ ትጎትተኛለች፤ ጠዋት ጠዋት ደግሞ ፔዳሉ ሩቅ ይወርዳል። አንድ ሰው የኋላውን ታምቡር አውጥቼ ዲስክ እንዳስገባ መከረኝ። ያለኝ ገንዘብ ሁለት ጎማ ከሚገዛው ብዙም አይበልጥም። ምን ላድርግ?»

ጋሼ ካልሽኝ እኔም አንቺ ልበልሽ። በዚያ ቁልቁለት ሳትደነግጪ በማርሽ ማቆምሽ ከብዙ ባለሙያ ነን ባይ ሾፌር የተሻለ ነው። የጻፍሽልኝ ሦስት ችግር ነው፤ ሦስቱም የተለያየ ምክንያት አላቸው። የተመከረሽው ዲስክ ግን መድኃኒታቸው አይደለም። ዲስክ ከጎማው ጋር የሚዞር ሳህን ነው፤ ከሁለት ጎን ፓድ ጨብጦ ያቆመዋል። ታምቡር ደግሞ ከበሮ ነው፤ ከውስጥ ሸራ ተገፍቶ ያቆመዋል።

ከበረሃው እንጀምር። የፍሬን ሥራ የመኪናውን ጉልበት ወደ ሙቀት መለወጥ ነው። ከደጀን አፋፍ እስከ ድልድዩ ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። 1,000 ብቻ ብለን ብናሰላ፣ የነፋሱንና የጎማውን መቋቋም ትተን፣ በፍሬን ብቻ የሚወርድ መኪና የሚያመነጨው ሙቀት በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር እየሮጠ ለ40 ጊዜ ያህል በተከታታይ ሙሉ በሙሉ ቢቆም ከሚያመነጨው ጋር እኩል ነው። ያ ሁሉ ሙቀት ከዲስኩ ወደ ፓዱ፣ ከፓዱ እሱን ወደሚገፋው ፒስተን፣ ከፒስተኑ ወደ ዘይቱ ይሄዳል።

የፍሬን ዘይት ስሙ ዘይት ይባል እንጂ ጠባዩ ሌላ ነው፤ ከአየር ላይ እርጥበት ይጠጣል። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሲሆን እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ መቆየት አለበት፤ ውኃ ከጠጣ በኋላ ግን የሚጠበቅበት 140 ብቻ ነው። ዶት 4 አዲሱ 230፣ የረጠበው 155 ነው። አንቺ ደግሞ ሐይቅ ዳር ነው ያለሽው፤ ክረምቱ ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ዘይቱ መቼ እንደተለወጠ አልጻፍሽልኝም፤ አባትሽም ያስታውሱ እንደነበር እጠራጠራለሁ። የፍሬን ዘይቱን ዕቃ ክዳን ክፈቺና ተመልከቺ፦ አዲሱ እንደ ቀጭን ማር ነው፤ ያንቺ ምናልባት ቡና መስሏል። በረሃው ላይ የሆነው እንዲህ ነው፤ ዘይቱ ፈላ፣ እንፋሎት ሆነ፣ እንፋሎት ደግሞ እንደ አየር ይጨመቃል። አንቺ ፔዳሉን ስትረግጪ እንፋሎቱን ጨመቅሽ እንጂ ፓዱን አልገፋሽም። ሲቀዘቅዝ ወደ ፈሳሽነቱ ስለተመለሰ ፔዳሉም ተመለሰ። ፔዳሉ ጠንካራ ሆኖ መኪናዋ አልቆም ብላ፣ የሚቃጠል ነገር ሸትቶሽ ቢሆን ኖሮ ጥፋቱ የጋለው ሸራ ነበር፤ ያ ሌላ በሽታ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ወጪ ዘይት ነው፤ ከሁሉም የሚረክሰውም እሱ ነው። ዶት 4 ግዢ፤ ከዶት 3 ጋር ይስማማል። ዶት 5 የሚል ካየሽ አትንኪው፤ ሲሊኮን ነው፣ ከሌላው ጋር አይስማማም። ማሸጊያው ያልተከፈተ ይሁን። ባለሱቁ ለሌላ ሰው ግማሹን ቀንሶ መደርደሪያ ላይ ያቆየውን በግማሽ ዋጋ ልስጥሽ ቢል ትርፉ ውኃ መግዛት ነው። ከዚያ በኋላ በየሁለት ዓመቱ ለውጪ።

ስለ ዘይት ካነሳሁ አይቀር፣ ባለፈው ክረምት አንድ ሰው አራቱም እግር የተጣበቀ መኪና እየተጎተተ አመጣልኝ። መንገድ ላይ ዘይት ጎድሎበት የመሪ ዘይት ጨምረውለታል። የመሪ ዘይት የፍሬንን ጎማ ያሳብጣል፤ የማስተሩም (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን የሚገፋው)፣ የሲሊንደሩም (ታምቡር ውስጥ ሸራውን የሚገፋው)፣ የካሊፐሩም (ዲስኩን በፓድ የሚጨብጠው) ጎማዎች ሁሉ ተነፍተው ነበር። አንዱንም ማትረፍ አልቻልኩም። ያንቺን ለመፈተን ከዕቃው ውስጥ ጥቂት ጠብታ ቅጂና ውኃ ባለበት ብርጭቆ ውስጥ ጨምሪ። የፍሬን ዘይት ከውኃው ጋር ይዋሐዳል፤ ሌላ ዘይት ከሆነ የጀልባ ሞተር የጣለው ዘይት ጣና ላይ እንደሚንሳፈፈው ከላይ ይንሳፈፋል። ከተንሳፈፈ ምንም ሳትነጂ ጻፊልኝ፤ ነገሩ ይለወጣል።

ወደ ቀኝ መጎተቱ፦ ሰዎች ጥፋቱ ከቀኝ ይመስላቸዋል። መኪና የሚጎትተው ወደሚሠራው ፍሬን ነው። የደከመው የግራው የፊት እግር ነው ማለት ነው። ጥቂት ከነዳሽ በኋላ ቁሚና እጅሽን ሳታስነኪ ወደ ሁለቱም የፊት ቸርኬ አስጠጊ፤ ቀኙ ግሎ ግራው ቀዝቃዛ ከሆነ የግራው ካሊፐር ፒስተን ዝጓል፣ ወይም የሚንሸራተትባቸው ዘንጎች ደርቀዋል፣ ወይም ፓዱ ዘይት ጠጥቷል። አራተኛው ምክንያት የጎማ ቱቦው ነው። የ40 ዓመት ቱቦ ከውጭ ደህና መስሎ ከውስጥ ያብጥና ቀዳዳው ይጠባል። አንዳንዴም ዘይቱን አሳልፎ መመለስ ይከለክለዋል፤ ያኔ ፍሬኑ እንደያዘ ይቀራል። ያንቺ መኪና ሦስት ቱቦ ብቻ ነው ያላት፤ ሁለት ከፊት፣ አንድ ወደ ኋላው አክስል። ሦስቱንም አንድ ላይ ለውጪ። እኔ ብሆን ከዘይቱ ቀጥሎ የማወጣው ብር ይሄ ነው፤ ፔዳሉም ወዲያውኑ ይጠነክርልሻል። ካሊፐሩ ሙሉ በሙሉ ካልተበላ በቀር አዲስ አትግዢ፤ ተፈትቶ ይጸዳል፣ ጎማዎቹ ይቀየራሉ።

ጠዋት ፔዳሉ ሩቅ መውረዱ የኋላው ታምቡር ነው ብዬ እገምታለሁ፤ ለማረጋገጥ ሁለት ሙከራ አለ። ፔዳሉን ቶሎ ቶሎ ሁለት ጊዜ ርገጪ፤ በሁለተኛው ከፍ ካለ ሸራው ከታምቡሩ ርቋል። ሞተሩ በርቶ ረግጠሽ ስትይዥው ቀስ እያለ የሚሰምጥ ከሆነ፣ ውጭም የሚፈስ ነገር ከሌለ፣ የማስተሩ የውስጥ ጎማ አልቋል። የእጅ ፍሬኑስ ስትስቢው ስንት ጊዜ ይንቋቋል? ብዙ ከሆነ የመጀመሪያውን ግምት ያጠናክራል። በአቧራማ መንገድ የሚመላለስ መኪና ታምቡሩ ውስጥ የሚሰበስበው አፈር ማስተካከያውን ያደርቀዋል፤ ይፈታ፣ ይጸዳ፣ ይስተካከል። ሲፈታ የሲሊንደሩን የአቧራ መከላከያ ጎማ ገልጠው ያሳዩሽ፤ ከሥሩ እርጥብ ከሆነ ሲሊንደሩ ያፈስሳል። የታምቡሩ የመጨረሻ የውስጥ ስፋት በራሱ ላይ ተቀርጿል፤ የዲስኩ የመጨረሻ ውፍረትም እንዲሁ። ቶርኖ ቤት ከመሄዱ በፊት ይለካ። ከዚያ ልክ ያለፈውን የሚያስጠርብልሽ ካለ ገንዘብሽን ተቀብለሽ ሂጂ።

አሁን ስለ ዲስኩ ምክር። መኪና ሲቆም ክብደቱ ወደ ፊት ይጋደላል፤ ከማቆሙ ሥራ 70 በመቶ ያህሉን ወይም ከዚያ በላይ የሚሠራው የፊቱ ነው። የኋላውን ዲስክ ብታደርጊው የምታሻሽዪው ትንሹን ድርሻ ነው። በዚያ ላይ ታምቡር ውስጥ ያለው ሸራ በዙሩ እየተጎተተ ራሱን በራሱ ያጠብቃል፤ ዲስክ ይህ የለውም፣ ስለዚህ ከፍ ያለ ግፊት ይፈልጋል። ማስተሩ የተሠራው ለታምቡር ነው፣ ግፊቱን ለፊትና ለኋላ የሚያከፋፍለውም እንዲሁ። ሚዛኑ ተበላሽቶ የኋላው ጎማ ቀድሞ ከተቆለፈ፣ በክረምት እርጥብ አስፋልት ላይ መኪናዋ ፊቷን አዙራ ታገኛታለሽ። የእጅ ፍሬኑም እንደ አዲስ መሠራት አለበት። ትልቅ የፊት ዲስክ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ሙቀት ይሸከም ነበር፤ እሱም ባለ13 ኢንች ቸርኬሽ ውስጥ ላይገባ ይችላል። ደግሞም የአሁኑ ፍሬን ጎማውን መቆለፍ ከቻለ፣ ትልቅ ዲስክ በአንድ ጊዜ ማቆም ላይ አንዲት ክንድ እንኳ አያሳጥርልሽም፤ ከዚያ በኋላ የሚያቆምሽ ጎማው ነው።

የፊት ፓድ ላይ ግን አትቆጥቢ። የኋላውን ሸራ የማውቀው ሰው ቢለጥፈው እቀበላለሁ፤ የፊቱን የተለጠፈ በጭራሽ። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ የመለዋወጫ ገበያ አሮጌ ፓድ ርካሽ ነው፤ ከየትኛው መኪና ወጥቶ ምን ዘይት እንደጠጣ ግን ማንም አይነግርሽም።

ዘይቱ ሲለወጥ አየር የሚወጣው ከማስተሩ ከራቀው ይጀመራል፦ የኋላ ቀኝ፣ የኋላ ግራ፣ የፊት ቀኝ፣ የፊት ግራ። አንድ ነገር ለመካኒኩ ንገሪው፤ ቅር ቢለውም ይስማ። ከፔዳሉ ሥር ቁራጭ እንጨት ያድርግ። በአሮጌ ማስተር ፔዳሉን እስከ ወለል መርገጥ የውስጡን ጎማ ተነክቶ ወደማያውቀው የዛገ ክፍል ይወስደውና ይቀደዳል። «ፍሬኑን አሠርቼ ማግስቱን ማስተሩ ሞተ» የሚሉ ደንበኞች አብዛኞቹ በዚህ ነው የሚጎዱት። የወጣውን ዘይት ደግሞ መልሶ አይጠቀምበት።

አዲሱን ፓድ ማለማመድ ያንቺ ሥራ ነው። እሑድ ማለዳ ከብቱና ብስክሌቱ ሳይበዛ ወደ መራዊ በሚወስደው አስፋልት ውጪ። ከ50 ኪሎ ሜትር ወደ 10 ያህል ሳትቆሚ ቀንሺ፣ ደግሞ ፍጠኚ፤ በመካከሉ ትንሽ እያስነፈስሽ አሥር ጊዜ ያህል። ከዚያ ፍሬን ሳትይዢ ነድተሽ አቀዝቅዢው።

ገንዘብ ከተረፈሽ ጎማውን እዪ። በጎኑ ላይ በአራት አሃዝ የተሠራበት ጊዜ አለ፤ 2316 የሚል ከሆነ በ2016 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ቢኖርም የደረቀ ጎማ አስፋልት አይይዝም።

በረሃውን እንደገና ስትወርጂ፣ ሽቅብ ለመውጣት በምታስገቢው ማርሽ ውረጂ፤ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ። ነዳጅ ለመቆጠብ ብለሽ ማርሹን ዜሮ አታድርጊ፤ ሞተሩንም አታጥፊ፣ የፍሬኑ አጋዥ ሰርቮ የሚሠራው ሞተሩ አየር ሲስብ ነው። ፍሬኑን እያሻሸሽ አትውረጂ፤ ጠበቅ አድርገሽ ያዢ፣ ቀንሺ፣ ልቀቂ፣ ይንፈስበት። ቢግል ውኃ አታፍስሺበት፤ ዲስኩ ይሰነጠቃል። ቁልቁለቱን ከመጀመርሽ በፊት ደጀን ላይ ቁሚና ሞተሩ እንደበራ ፔዳሉን ለአንድ ደቂቃ አጥብቀሽ ርገጪው። ከሰመጠ ማስተሩ ነው፤ የሚወርደውን መንገድ ትተሽ እዚያው አሠሪው።