በ42 ዓመቴ ኮሌጅ ብገባ እናቴን ጨርሶ አጣት ይሆን?

ለተከበሩ የምክር አምድ አዘጋጅ፣

ሰላምታዬ ይድረስዎ። በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምኖር የ42 ዓመት ሴት ነኝ። ያደግሁት አዲስ አበባ፣ ስሙን መጥቀስ በማልፈልገው አነስተኛ የሃይማኖት ማኅበር ውስጥ ነው። ማኅበሩ የዓለም ፍጻሜ ስለደረሰ ከፍተኛ ትምህርት ጊዜን ማባከን ብቻ ሳይሆን እምነትን የሚያጠፋ ወጥመድ ነው ብሎ ያስተምር ነበር። በ1994 ዓ.ም. የአሥረኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ወስጄ ወደ መሰናዶ የሚያስገባ ውጤት አመጣሁ። ሽማግሌዎቹ ቤታችን መጥተው ከወላጆቼ ጋር ተነጋገሩ፤ በማግሥቱ ሰርተፊኬቴ እናቴ ሣጥን ውስጥ ገባ፣ እኔም ሙሉ ጊዜዬን ለስብከት ሰጠሁ። ማንም አልመታኝም፣ ማንም አልቆለፈብኝም። አምኜበት ነበር፤ ዛሬ ከሁሉም በላይ የሚከብደኝም ይኸው ነው።

በ26 ዓመቴ የማኅበሩን አባል አግብቼ ወደ አሜሪካ መጣሁ፤ አሁን ዜግነት አለኝ። አረጋውያንን በየቤታቸው እየተንከባከብሁ 14 ዓመት ሠርቻለሁ። ከሦስት ዓመት በፊት፣ ለጥያቄዎቼ በመልስ ፋንታ ተግሣጽ ብቻ ሲሰጠኝ፣ ከማኅበሩ ወጣሁ። ባለቤቴ በፍቺ ተለየኝ፤ የ15 ዓመት ልጃችን ከእኔ ጋር ይኖራል። የወጣን ሰው ማናገር ስለማይፈቀድ እናቴ ስልኬን አታነሣም። አባቴ በሕይወት የለም።

ነርስ መሆን እፈልጋለሁ። የምንከባከባቸውን ሰዎች ሊያይ የሚመጣው ነርስ ቁስል ሲያጥብ፣ መድኃኒት ሲመጥን አጠገቡ ቆሜ ሳይ፣ ያ እውቀት ከእጄ የአንድ ክንድ ያህል ርቆ የቆመ ይመስለኛል። ነገር ግን የባዮሎጂ መጽሐፍ ተውሼ ስለ ፍጥረታት አመጣጥ ወደሚናገረው ምዕራፍ ስደርስ እጄ ተንቀጠቀጠና ከደንሁት። ባለፈው ወር ደግሞ እኅቴ ደውላ፣ «ኮሌጅ ልትገቢ ነው ሲባል ሰማን፤ ከገባሽ እማማ ዘንድ መመለሻ የለሽም» አለችኝ። እናቴ ፊደል የቆጠረችው እኔን ሳትወልድ፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ነው። ያኔ የተሰጣትን የምስክር ወረቀት እስከ ዛሬ በሣጥኗ ይዛዋለች፤ የእኔም ሰርተፊኬት የተቀመጠው ከእርሱ ጋር ነው።

ጊዜው አልፎብኛል? ይህ ፍርሃትስ ይለቀኛል? እናቴ ልቧ እስኪለዝብ ልጠብቅ?

ስሜ ይቆይልኝ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ

ውድ እኅቴ፣

አትጠብቂ። ይህን ያስቀደምሁት ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ በእርሱ ላይ ስለሚቆም ነው።

ዕድሜሽን በሚመለከት ብዙ አልልም። ብትማሪም ባትማሪም ከአምስት ዓመት በኋላ 47 ዓመት ይሆንሻል፤ የነርስነትን ሥራ ደግሞ በዚያ ዕድሜ ጀምሮ ሃያ ዓመት ሊሠሩት ይቻላል። 14 ዓመት ሙሉ የሰው ገላ ያጠብሽ፣ የታመመን አገላብጠሽ ያስተኛሽ ሴት፣ ገና ከሁለተኛ ደረጃ የወጡት የክፍል ጓደኞችሽ ብዙ የሚማሩባት እንጂ የምታፍርባቸው አይደለችም።

መንገዱ እንዲህ ነው። ያጠናቀቅሽው አሥረኛ ክፍልን ስለሆነ በመጀመሪያ የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ያስፈልግሻል። ጂ.ኢ.ዲ. የሚባለው ፈተና ሒሳብ፣ ቋንቋ፣ ሳይንስና ማኅበራዊ ሳይንስ የተባሉ አራት ክፍሎች አሉት፤ በእያንዳንዱ 145 ነጥብ ማምጣት በቂ ሲሆን አራቱንም በአንድ ቀን መውሰድ አይጠበቅብሽም። ሜሪላንድ ፈተናውን ላለፈ ሰው የራሷን የሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማ ትሰጣለች። ልጅሽ 15 ዓመቱ ስለሆነ አንቺ ባቋረጥሽበት ክፍል አካባቢ ነው ያለው፤ ማታ ማታ በአንድ ጠረጴዛ ላይ አልጀብራ ብትሠሩ፣ ሲያቅትሽም ብትጠይቂው፣ ለእርሱም ለአንቺም ይበጃል።

ከዚያ በኋላ በአቅራቢያሽ ያለው ሞንትጎመሪ ኮሌጅ በአሶሺየት ዲግሪ (በሁለት ዓመት ኮሌጅ ዲግሪ) የሚያስመርቅ የነርሲንግ ትምህርት አለው፤ ተመራቂዎቹ ብሔራዊውን የነርስነት ፈቃድ ፈተና ሲያልፉ የተመዘገቡ ነርሶች ይሆናሉ። ለክፍያው ፋፍሳ የሚባለውን የፌዴራል የትምህርት እርዳታ ማመልከቻ ትሞያለሽ። ማመልከቻው በነፃ ነውና «እኔ ልሙላልሽ» ብሎ ገንዘብ ለሚጠይቅ ሰው አትክፈዪ። ዕድሜዋ ከ24 በላይ ስለሆነች አመልካች የወላጅ ገቢ አይጠየቅም። ገቢሽ ዝቅተኛ ከሆነ ፔል ግራንት የተባለውን፣ በመደበኛው የማይመለሰውን እርዳታ ልታገኚ ትችያለሽ፤ በፈረንጆች 2025–26 የትምህርት ዘመን የእርዳታው ጣሪያ 7,395 ዶላር ነበር፣ የዕድሜ ገደብም የለበትም። አደራ የምልሽ፣ በመጀመሪያው መንፈቅ ከሥራሽ ጋር የማትችዪውን ያህል ኮርስ አትመዝገቢ። ተመዝግቦ ማቋረጥ እርዳታውን ሊያስቀር ይችላል፤ ከዚህም በላይ እንደ አንቺ ያለ ሰው አንዲት ኮርስ ባቋረጠ ቁጥር «ቀድሞም ነግረውኝ ነበር» ማለት ይቀናዋል።

አሁን ይበልጥ ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። ክፍል ስትገቢ የሚፈትንሽ ሒሳቡ አይመስለኝም። ከልጅነትሽ ጀምሮ መጻሕፍትን በቃልሽ ይዘሻል፣ ጥቅስ አገናዝበሻል፣ በማታውቂው ሰው ደጃፍ ቆመሽ ሐሳብሽን በሥርዓት አስረድተሻል፤ ይህ ሁሉ የተማሪነት ችሎታ ነው፣ ከማኅበሩ ስለወጣሽ ከአንቺ ጋር አልወጣም ብለሽ አታስቢ። የሚፈትንሽ መምህርሽ መጽሐፉን ካነበባችሁ በኋላ «አንቺስ ምን ታስቢያለሽ?» ያለሽ ቀን ነው። አንድ ትክክለኛ መልስ ብቻ ባለበት፣ የተሳሳተ መልስም እንደ ኃጢአት በሚቈጠርበት ቤት ያደገ ሰው ለዚህ ጥያቄ የሚሆን ጡንቻ አላዳበረም። ዝም ትዪ ይሆናል፤ ወይም መምህሩ መስማት የሚፈልገውን ለመገመት ትሞክሪ ይሆናል። እንዲህ ሲሆን ስንፍና አድርገሽ አትቊጠሪው። ተሳስቶ መታረምን እንደ ማንኛውም ትምህርት ገና እየለመድሽው ነው።

ደግሞም ይህ ልማድ በአገራችን ለእምነት ባዕድ ሆኖ አያውቅም። በቤተ ክህነት ቅኔ ቤቶች ተማሪው የመምህሩን ቅኔ መድገም ብቻ አይበቃውም፤ የራሱን ቈጥሮ ለየኔታ ይነግራል፣ ሲበላሽ ይታረማል፣ በማግሥቱ ሌላ ይዞ ይቀርባል። የተበላሸ ቅኔ ያመጣ ተማሪ ከሃይማኖቱ ወጣ አይባልም። ከእግዚአብሔር ጋር ያለሽ ነገር ዛሬ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ አልነገርሽኝም፣ እኔም አልጠይቅሽም፤ ነገር ግን ከእምነትና ከእውቀት አንዱን ምረጪ ብሎ ያስጨነቀሽ ያ ማኅበር እንጂ እምነት ሁሉ አለመሆኑን እወቂ።

የባዮሎጂውን መጽሐፍ እንደገና ክፈቺው። ፈተናው ላይ መምህርሽ የሚጠይቅሽ ሳይንቲስቶች ምን እንደሚሉና በምን ማስረጃ እንደሚሉት ማወቅሽን ነው፤ እንድትምዪበት አይጠይቅሽም። ምዕራፉን አንብበሽ ምን እንደተቀበልሽ፣ ምን እንዳልገባሽ፣ ምን እንዳልተዋጠልሽ በደብተርሽ ጻፊ። የእጅሽ መንቀጥቀጥ በአንድ ጊዜ አይጠፋም፤ ሃያ ዓመት የተደጋገመ ማስጠንቀቂያ ሰውነት ውስጥ ይቀመጣልና። ከሌሊት እንቅልፍሽ ከደረሰ ወይም ሥራ ከከለከለሽ ግን ብቻሽን አትያዢው፤ ብዙ ኮሌጆች ለተማሪዎቻቸው የምክር አገልግሎት አላቸው፣ ስትመዘገቢ ጠይቂ።

አንድ ነገር ደግሞ እፈራልሻለሁ። ማኅበር ያጣ ሰው ሌላ ማኅበር ይናፍቃል፤ ኮሌጁንም የጠፋውን ቤተሰብ እንዲተካለት፣ ዲግሪውንም ያለፈውን ሃያ ዓመት እንዲክስለት ይጠብቃል። ዲግሪው ይህን አይችልም። ያ ጊዜ ሄዷል፣ ሊለቀስለት የሚገባም ነው። ለቅሶውን ካላወጣሽው፣ አንድ ዝቅተኛ ውጤት በመጣ ቀን ከውጤቱ ጋር የማይመጣጠን ኀዘን ይወድቅብሻል። ያመንሽበት ስለነበር ራስሽን መውቀስሽም እንዲሁ ነው፤ የ18 ዓመት ልጅ ወላጆቿና ሽማግሌዎቿ በአንድ ቃል የነገሯትን ብታምን በደለኛ አትሆንም።

ስለ እናትሽ። እኅትሽ ያመጣችው መልእክት የእናትሽ ቃል መሆኑን አታውቂም፤ ቢሆንም እንኳ ትምህርቱን ብትተዪ ያገኘሻት መስሎሽ የምታገኚያት፣ ወደ ማኅበሩ ስትመለሺ ብቻ የምታናግርሽን እናት ነው። ይህን የምለው እናትሽን ለመንቀፍ አይደለም፤ እርሷም አንቺ በነበርሽበት ፍርሃት ውስጥ ነው ያለችው።

ስለ ሣጥኑ የጻፍሽውን ግን ደጋግሜ አነበብሁት። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ1971 ዓ.ም. ሲጀመር እናትሽ አዋቂ ሴት ነበረች። በዚያ ዘመን በየቀበሌው ጎልማሶችና አረጋውያን፣ ልጆቻቸው በሚሆኑ አስተማሪዎች ፊት ተቀምጠው «ሀ ሁ» ብለዋል፤ ትልቅ ሰው ሆኖ ደብተር መያዝ ምን ያህል እንደሚያሳፍርና ምን ያህል እንደሚያስደስት እናትሽ ከአንቺ በፊት ታውቀዋለች። ሰርተፊኬትሽንም አልቀደደችውም፣ ለሽማግሌዎቹም አልሰጠችውም። ከራሷ ጋር አኖረችው። ከዚህ ተነሥቼ ትመለስልሻለች ብዬ ተስፋ ልሰጥሽ አልደፍርም፤ ልብ እንድትዪው ግን እፈልጋለሁ።

ስልኳን አታነሣም፤ ደብዳቤ ግን ማንበብ ትችላለች። የመጀመሪያውን ፈተና ስትወስጂ በእጅሽ ጻፊላት። ይቅርታ አትጠይቂ፣ አትከራከሪ፣ ስለ ማኅበሩም አታንሺ። ያን ሳምንት ምን እንደተማርሽና ልጅሽ አልጀብራ እንዴት እንዳስረዳሽ ንገሪያት፤ መሠረተ ትምህርት በገባችበት የመጀመሪያ ቀን ማን አጠገብ እንደተቀመጠችም ጠይቂያት። መልስ ባይመጣ በሚቀጥለው ወር ሌላ ጻፊ።