የኢንቴሪየር ዲዛይን ሲቪ ያለ ስህተት፦ ጠይቁኝ

የምሠራው ኢንቴሪየር ዲዛይን ነው። ቢሮአችን ሰው ሲፈልግ የሚመጡትን ሲቪዎች የማነበው እኔ ነኝ። ጎበዝ ልጆች በትንንሽ ስህተት ሲወድቁ ማየት በጣም ያሳዝነኛል። እኛ ልኬት ጽፈን ለአናጺ የምንሰጥ ሰዎች ነን። 90 ሴንቲ ሜትር መሆን የነበረበት በር 60 ተብሎ ከወጣ በ60 ይቆረጣል። ቀጣሪ ሲቪ ላይ ስህተት ሲያይ የሚፈራው ይህንኑ ነው። ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁኝ።

ጥያቄ፦ እህታችን፣ እኔ ዎርድ ላይ ቀይ መስመሩ እስኪጠፋ አርሜ ነው የምልከው። ከዚህ በላይ ምን ይደረጋል?

መልስ፦ ቀይ መስመር የሚያሳይህ የሌለ ቃልን ነው። ቃሉ ካለ፣ ቦታው ባይሆንም ዝም ብሎ ያልፋል። በእኛ ሙያ ደግሞ እንዲህ ያሉ ቃላት ብዙ ናቸው። «ላይቲንግ» (መብራት) ብለህ ስትጽፍ መሃሉ ላይ አንዲት «ኤን» ከተጨመረች የመብረቅ ዲዛይነር ነኝ አልክ ማለት ነው። ኮርኒስ የሆነው «ሲሊንግ» በ«ሲ» ይጀምራል፤ በ«ኤስ» የሚጀምረው ማሸግ ነው። የቀለም «ፓሌት» አንድ «ኤል» እና ሁለት «ቲ» አለው፤ ሁለት «ኤል» እና አንድ «ቲ» ያለው ዕቃ የሚጫንበት ጣውላ ነው። «ፈርኒቸር» ላይ ደግሞ ዕቃው ስንትም ቢሆን «ኤስ» አይጨመርም።

ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላ ነገር አለ። ዎርድ አብዛኛውን ጊዜ ሲጫን ጀምሮ በትልልቅ ፊደል ብቻ የተጻፈ ቃልን እንዳያርም ተደርጎ ነው የሚመጣው። ርዕሶቻችንን ደግሞ በትልልቅ ፊደል መጻፍ እንወዳለን። ስለዚህ ገጹ ላይ ቀድሞ የሚታየው ቃል ሳይታረም ይቀራል። ኦፕሽን ውስጥ ገብተህ ፕሩፊንግ የሚለው ጋ በትልልቅ ፊደል የተጻፈ ቃልን እለፍ የሚለውን ምልክት አንሳው።

ጥያቄ፦ ዲግሪዬ ላይ ቀኑ በእኛም በፈረንጅም አቆጣጠር አለ። ሲቪው ላይ የቱን ልጻፍ? (ሴት ነኝ፣ ሲቪው በእንግሊዝኛ ነው።)

መልስ፦ በፈረንጅ ብቻ። የሚያበላሸው መቀላቀሉ ነው። ትምህርቱን በእኛ፣ ሥራውን በፈረንጅ ጽፈሽ «በ2012 ተመረቅኩ፣ በ2021 ሥራ ጀመርኩ» ካልሽ 9 ዓመት ቤት የተቀመጥሽ ትመስያለሽ። ደግሞ በጭፍን 8 አትደምሪ። ሐምሌ 2012 ጁላይ 2020 ነው፤ ጥቅምት 2013ም ኦክቶበር 2020 ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 20 ገደማ የሚደመረው 7 ነው፤ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን 8 ነው።

ጥያቄ፦ በሠራሁበት ቢሮ አንድ ሆቴል ተሠርቷል። እኔ የሎቢውን ወርኪንግ ድሮዊንግ (ሳይት ላይ እየታየ የሚሠራበትን ዝርዝር ሥዕል) ብቻ ነው የሠራሁት። «ሆቴል ዲዛይን አድርጌያለሁ» ብል ነውር አለው?

መልስ፦ አለው። ከፊደል ስህተትም የከፋ ነው። በዚህ ሙያ ቢሮዎች ይተዋወቃሉ፣ ስልክ ይደዋወላሉ። ደግሞም የሠራኸው የሚደበቅ ሥራ አይደለም። «የሎቢው ወርኪንግ ድሮዊንግ፤ የጂፕሰም ኮርኒስና የሪሴፕሽን ዴስክ ዲቴል፣ በ1፡20 ስኬል» ብለህ ጻፍ። እንዲህ የሚጽፍ ልጅ ሳይት ላይ ምን እንደሚጠየቅ ያውቃል። እኔ ለኢንተርቪው የምጠራው እሱን ነው። ሥራው ተሠርቶ ካለቀ እንዳለቀ፣ በሬንደር (በኮምፒውተር ምስል) ከቀረም በሬንደር እንደቀረ ግለጽ።

ጥያቄ፦ ገና ተመራቂ ነኝ። የአክስቴን ሳሎንና ኪችን ብቻ ነው የሠራሁት። ይጻፋል እንዴ?

መልስ፦ በደንብ ይጻፋል እንጂ! «የግል መኖሪያ ቤት» በዪው። የአክስትሽን ስምና ሰፈር ተዪ። ስፋቱን በካሬ ሜትር፣ ያንቺን ድርሻና የተጠቀምሽባቸውን ማቴሪያሎች አስገቢ። ቁጥሩን ግን ሁለቴ እዪው። 42 ካሬ ሳሎን 420 ተብሎ ከተጻፈ አንባቢሽ ወዲያው ይነቃል።

ጥያቄ፦ ፎቶዬን ላስገባ?

መልስ፦ ማስታወቂያው ካልጠየቀ አያስፈልግም።

ጥያቄ፦ ያወረድኩት ቴምፕሌት ላይ የዲዛይን ሶፍትዌር ችሎታን የሚያሳይ «ስኬችአፕ 85%» የሚል ባር አለ። ልተወው ወይስ ላጥፋው?

መልስ፦ አጥፋው። የምን 85%? በምትኩ ምን እንደምትሠራበት ጻፍ። የሶፍትዌሮቹን ስም ደግሞ ኩባንያዎቹ ራሳቸው እንደሚጽፉት አድርገህ ጻፍ። አውቶካድ ላይ የመጨረሻዎቹ ሦስት ፊደላት ትልልቅ ናቸው። ስኬችአፕ አንድ ቃል ነው፤ መሃሉ ላይ ትልቅ «ዩ» አለው። ቀኑን ሙሉ ከፍተኸው የምትውለውን ሶፍትዌር ስም መሳሳት ያስተዛዝባል።

ጥያቄ፦ ሲቪዬን ኢለስትሬተር (የግራፊክስ ሶፍትዌር) ላይ ነው የሠራሁት። እንዴት ላርመው?

መልስ፦ ጽሑፉን መጀመሪያ ዎርድ ላይ ጨርሰህ አርመው፣ ከዚያ ወደ ኢለስትሬተር ውሰደው። ፊደሉን አውትላይን አድርገህ (ወደ ቅርጽ ቀይረህ) አትላክ። ፒዲኤፉን ክፈትና ስምህን በማውዝ ምረጠው። አልመረጥ ካለ ጽሑፍህ ሥዕል ሆኗል፤ ሲቪ በኮምፒውተር የሚያጣራ ድርጅት ሊያነበው አይችልም።

ጥያቄ፦ ዱባይ ላመለክት ነው። የተለየ ነገር አለ?

መልስ፦ ስምህ ፓስፖርትህ ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል ይግጠም። የእኛ ስም በእንግሊዝኛ በብዙ መልክ ስለሚጻፍ ዲግሪው ሌላ፣ ሲቪው ሌላ ይሆናል። ስልክህ ላይ 251 ካስገባህ ቀጥላ ያለችውን ዜሮ አውጣት። «ከለር» የሚለውን በእንግሊዞች ወይም በአሜሪካኖች አጻጻፍ መጻፍ ትችላለህ፤ ግን አንዱን ይዘህ እስከ መጨረሻው በእሱ ሂድ። የፖርትፎሊዮህን ሊንክ ደግሞ በሌላ ሰው ስልክ ክፈተው። ጉግል ድራይቭ ላይ ያለ ፋይል ላንተ ሁሌም ይከፈታል፤ ቀጣሪውን ግን ፈቃድ ጠይቅ ሊለው ይችላል። ማን ጠይቆ ይጠብቅሃል?

ጥያቄ፦ ትናንት ላኩ፣ ዛሬ ስህተት አየሁበት። ጨንቆኛል፤ እህቴ ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ አይዞሽ። ኮማ ከሆነ ተዪው። ስልክ ቁጥር፣ ቀን ወይም የድርጅቱ ስም ከሆነ ግን ዛሬውኑ እንደገና ላኪ። «የተስተካከለውን አያይዣለሁ፤ በቀደመው ፋንታ ይህን ይያዙልኝ» የምትል አንድ መስመር ትበቃለች። ከመላክሽ በፊት ግን በወረቀት አትመሽ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንብቢው። ሌላ ሰውም ያንብብልሽ። ሦስተኛ ፋይል ከመጣ የትኛው ትክክል እንደሆነ ግራ ይገባናል።