ከፋሲካ በኋላም የጾም ምግብ ብቀጥልስ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎት ከደሴ ነው። ዘንድሮ የዐቢይ ጾምን 55 ቀን ጨርሼ ጾምኩ። ሰውነቴ ቀለለኝ፤ ጨጓራዬም ተሻለው። ከዚያ ወዲህ ሥጋ፣ ቅቤ፣ ወተትና እንቁላል አላሰኘኝም። «ቪጋን» የሚባሉትን፣ ከእንስሳ የሚገኝ ምንም ነገር የማይበሉትን ሰዎች አኗኗር ሳይ እኔም ቀስ በቀስ እንደዚያ ልሁን ብዬ አሰብኩ። ችግሩ፣ የፋሲካ ዕለት የእናቴን ዶሮ ወጥ አልበላም ስል ቤቱ ታወከ። «በበዓለ ኀምሳ ጾም የለም፤ ከቤተ ክርስቲያን ልትወጪ ነው ወይ?» አለችኝ። ኃጢአት ሠርቼ ይሆን? በየቀኑስ ምን ሠርቼ ልብላ? ሽሮ ብቻ ሰለቸኝ። ማርስ እንዴት ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ አብሽሪ። ሥጋ ስላልበላ ከቤተ ክርስቲያን የሚወጣ ሰው የለም። እንደዚያ ቢሆን መነኮሳቱ ቀድመው በወጡ ነበር። እዚያው አጠገባችሁ ሐይቅ እስጢፋኖስ ሥጋ ሳይቀምሱ ዕድሜያቸውን የሚጨርሱ አባቶች አሉ።

እናትሽ ግን ያለ ነገር አልተናገሩም። በበዓለ ኀምሳ፣ ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት፣ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። የደስታ ጊዜ ነው። ስለዚህ በዚያ ሰሞን «እኔ ጾም ላይ ነኝ» ካልሽ ሥርዓት አፍርሰሻል። «ሥጋ አልበላም» ካልሽ ደግሞ ምንም አላፈረስሽም። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ በዘይት የታሸ ጨጨብሳ ጥግብ ብለሽ በልተሽ ስትወጪ ጾመኛ አይደለሽም። የአመጋገብ ምርጫሽ ነው፣ አለቀ።

የእኔ ጭንቀት ሌላ ነው። ፍትሐ ነገሥት በ15ኛው አንቀጹ ስለ ጾም ሲናገር፣ ጾም በታወቀ ጊዜ ከምግብ መከልከል መሆኑን ያስተምራል። ጊዜ አለው፤ ሰዓት አለው። ሌላው ሰው ሐሙስ ማታ ክትፎ በልቶ ዓርብ ሽሮ ሲቀርብለት ጾም መግባቱን ሳህኑ ይነግረዋል። ላንቺ ግን ሐሙስም ምስር ነው፣ ዓርብም ምስር ነው። ምን ይነግርሻል? ልብ ካላልሽ ዓመቱን ሙሉ የጾም ምግብ እየበላሽ አንድም ቀን ሳትጾሚ ልታሳልፊ ትችያለሽ። እና ያንቺ ጾም ከሳህኑ ይልቅ በሰዓቱ ይታወቅ። ዓርብ እስከ 9 ሰዓት ቆዪ። ዘይት የበዛበትን፣ ጣፋጩንና የጾም ኬኩን ተዪው። ስግደቱን አትርሺ። ለሥጋ የማታወጪው ገንዘብም ኪስሽ ውስጥ አይቅር፤ በደጀ ሰላሙ የተቀመጡትን አስቢ።

ከዚህ ሌላ የምጠይቅሽ አንድ ነገር ነው፤ ለምን ተውሽው? ለጤናዬ ነው፣ ወይም እንስሳቱ ያሳዝኑኛል ካልሽ መልካም። አዳምና ሔዋን በመጀመሪያ የተሰጣቸው ምግብ ዘር ያለው ቡቃያና የዛፍ ፍሬ ነበር (ዘፍ. 1፥29)። ዳንኤልና ጓደኞቹም የንጉሡን ማዕድ ትተው 10 ቀን ጥራጥሬና ውኃ ብቻ ተሰጥቷቸው ፊታቸው አምሮ ታይቷል። ነገር ግን «ሥጋ መብላት ራሱ ኃጢአት ነው» ካልሽ ተሳስተሻል። ከጥፋት ውኃ በኋላ ለኖኅ ተፈቅዷል (ዘፍ. 9፥3)። አብርሃም ለእንግዶቹ ጥጃ አርዷል። ጌታም ከትንሣኤው በኋላ በደቀ መዛሙርቱ ፊት ዓሣና ማር በልቷል። በ4ኛው መቶ ዘመን የተሰበሰበው የጋንግራ ጉባኤም፣ በእምነት ሥጋ የሚበላውን ሰው «ተስፋ የለህም» እያለ የሚኮንነውን አውግዟል። ሮሜ 14ን አንብቢ። የሚበላው የማይበላውን አይናቅ፣ የማይበላውም በሚበላው አይፍረድ ይላል። ምዕራፉ ለእናትሽም ላንቺም ነው።

የፋሲካውን ነገር በተመለከተ፣ አለመብላትሽ ሳይሆን አነጋገርሽ የከፋ ይመስለኛል። እናት ሌሊቱን ሽንኩርት ሲያቁላሉ አድረው፣ ዶሮውን 12 ብልት አውጥተው፣ ከቅዳሴ መልስ ማዕዱ ሲቀርብ «አልበላም» ማለት ይከብዳል። ሳምንት ቀደም ብለሽ ብትነግሪያቸው ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ። ወደፊት በዓል ሲደርስ ድፎውን አንቺ ጋግሪ። ከወጡ ጎን የራስሽን ድስት ጣጂ። ማዕዱን አብረሽ ክበቢ፣ እናትሽ ካጎረሱሽም ለእሳቸው ስትዪ አንዲት ጉርሻ ብትቀበዪ ነውር የለውም። አልቻልኩም ካልሽም ማንም አያስገድድሽም። ማዕድ ላይ ግን ስለ ኮሌስትሮል አትስበኪ።

የወሎ ልጅ ነሽና ይህን ታውቂዋለሽ። ክርስቲያንና ሙስሊም አንድ ግቢ እንኖራለን፤ ለቅሶውም ሠርጉም የጋራ ነው። ሥጋ ላይ ስንደርስ ግን እርዱም ድስቱም ለየብቻ ይሆናል። ምስር፣ ጎመን፣ ድንች ወጥ ሲሆን ማን ሠራው ተብሎ አይጠየቅም። ጎረቤትሽ በረመዳን ለማፍጠር ስትጠራሽ የምስር ሳምቡሳዋን ሳትሳቀቂ ትበያለሽ፤ እሷም ያንቺን ክክ እንደዚያው።

አሁን ወደ ጓዳ እንግባ። ሽሮ የሚሰለቸው ሲጣደፉበት ነው። ሽንኩርቱን ያለ ዘይት አቁላዪው። መያዝ ሲጀምር ጠብታ ውኃ እየጨመርሽ አማስዪው። ወርቅማ ሲሆን ዘይቱ፣ ከዚያ ነጭ ሽንኩርቱ ይግባ። ሽሮውን ከነሰነስሽ በኋላ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት በመጠነኛ እሳት ይንተክተክ። መከለሻው ሲወርድ ነው። እንዲህ ከሠራሽው ቅቤ የት ሄደ የሚልሽ አይኖርም።

በሽሮ ብቻ ግን አትታሰሪ። ሱፍ አለልሽ። በትንሹ ቀቅለሽ ውቀጪው፤ በለብታ ውኃ በጥብጠሽ በንጹሕ ነጠላ አጥልዪው። የሚወርደው ወተት ይመስላል። ሽንኩርት፣ ቃሪያና ጨው ጨምረሽ እንጀራ ፈትፍቺበት። ለኮምቦልቻ ሙቀት ከዚህ የተሻለ ምሳ አላውቅም። ተልባውን ስታምሺ ምጣዱ ላይ መንጫጫት ሲጀምር ቶሎ አውጪው፤ ካረረ ይመራል። አዚፋ፣ ስልጆ፣ የሽምብራ ዓሣ፣ ያለ ቅቤና ያለ እንቁላል የተሠራ ፉል፣ ለመንገድ በሶና ቆሎ። ረቡዕና ዓርብ ድሮም የያዝሽው ልማድ ነው። ከሌላው ቀን መጀመሪያ ቁርሱን፣ ከዚያ ምሳውን እየለወጥሽ ሂጂ። ቤተሰቡን ግን አታስገድጂ።

ጓያን ተጠንቀቂ። ርካሽ ነው፣ ሽሮውም ይጣፍጣል። ነገር ግን ለሳምንታት ዋና ምግብ ካደረጉት እግር ያሰናክላል፤ አንዴ ከያዘ ደግሞ አይድንም። በድርቅ ጊዜ ሌላ እህል ጠፍቶ በዚህ የተጎዱ ወገኖች አሉን። ሽሮ ከገበያ ስትገዢ ምን እንደተቀላቀለበት ጠይቂ።

ሌላው ቫይታሚን ቢ12 ነው። ከእፅዋት አይገኝም፤ እንጀራው ስለቦካም አይመጣም። እኛ በየመካከሉ ስለምንገድፍ ብዙ አይጎድልብን ይሆናል። አንቺ ግን ዓመቱን ሙሉ ከሆነ እንክብሉን ከፋርማሲ መውሰድ አለብሽ፤ ደምሽንም አልፎ አልፎ አስመርምሪ። መድኃኒት መውሰድ ከእምነት ማነስ አይቆጠርም። ለደም ማነስ ደግሞ ምስሩና ጎመኑ ላይ ሎሚ ጭመቂ። ቡናውን እንደበላሽ አትጠጪ፤ ብረቱን ሰውነትሽ እንዳይወስደው ያደርጋል። አንድ ሰዓት ቆይቶ ይፈላ። (ደሴ ላይ ይህን መናገር ድፍረት መሆኑ ይገባኛል።) ካረገዝሽ ወይም ካጠባሽ ሐኪም ሳታማክሪ አትቀጥዪ።

ማር? በእኛ ሥርዓት በጾምም አይከለከልም። ጥብቅ ቪጋኖች ከንብ የተወሰደ ነው ብለው አይበሉም፤ አንቺ የመሰለሽን አድርጊ። የቆዳ ጫማም እንደዚያው ነው። ብራናው ግን የፍየል ቆዳ ነው፤ ከበሮውም የተለጎመው በቆዳ ነው። «ይህንንም አልነካም» የሚል ሐሳብ ከመጣብሽ ነገሩ ከምግብ አልፏል፤ ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው። እንዲያውም ያ እስኪመጣ አትጠብቂ፤ በዚሁ ሰሞን ሂጂ። በጾም ቀን እስከ ስንት ሰዓት መቆየት እንደምትችዪ የጨጓራሽን ነገር ሰምተው የሚወስኑልሽ እሳቸው ናቸው።