«ትምህርቱን ልተወው ወይ?» ላልሽው እህቴ

ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። 26 ዓመትሽ ነው። ሒሳብ ክፍል ትሠሪያለሽ። የመግቢያ ፈተናውን አልፈሽ ለኤምቢኤ፣ ለንግድ ሥራ አመራር ሁለተኛ ዲግሪ፣ ተቀብለውሻል። ቤተሰብ ደግሞ ካናዳ ያለ ልጅ አግኝቶልሻል፤ ሽማግሌ መጥቷል፣ ሠርጉ ለጥር ይሁን ተብሏል። እናትሽ «ትምህርት የትም አይሄድም፣ ባል ግን ይሄዳል» ብለውሻል። ግማሹ ሰው «ተማሪ» ይልሻል፣ ግማሹ «አግቢ»። እኔ ያለፍኩበትን ልንገርሽ። ረዘም ይላል፣ ቡናሽን ይዘሽ አንብቢው።

በ2004 ዓ.ም. እኔም 25 ዓመቴ ነበር። የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ። አዲስ አበባ አክስቴ ቤት እየኖርኩ ባንክ ውስጥ ካሸር ነበርኩ። የማታ ኤምቢኤ ልጀምር ስል ዋሽንግተን አካባቢ የሚኖር ሰው ሽማግሌ ላከ። ሦስት ሆነው መጡ፣ አንዱ የንስሐ አባታችን ናቸው። እናቴ «አረፍ በሉ እንጂ» ስትል፣ «የመጣንበት ጉዳይ ሳይሰማ አንቀመጥም» ብለው ቆሙ። እኔ ጓዳ ሆኜ በመጋረጃው ስር የሦስት ሰው ጫማ ብቻ ይታየኛል። የአባ ጫማ ጭቃ ነበረበት። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ያ ጭቃ እስካሁን ትዝ ይለኛል።

አባቴ ልጅቷን ልጠይቅ ብሎ ቀጠሮ ሰጣቸው። እኔ ስጠየቅ «ትምህርቴን ስጨርስ» አልኩ። ትልቁ ስህተቴ ይቺ ናት። እኔ «አይ» ያልኩ መስሎኝ ነበር፤ እነሱ ግን «እሺ፣ ትንሽ ጠብቁ» ብለው ተረጎሙት። ሰውየው ስምንት ወር ጠበቀ። ቀለበት ሁሉ ገዝቶ ነበር አሉ። ምንም ጥፋት አልነበረበትም እኮ! ስለዚህ አንቺ ወይ ቁርጥ ያለ ቀን ስጪ፣ ወይ በቀጥታ አልፈልግም በይ።

ሁለተኛው ስህተቴ መደበቄ ነው። የመጀመሪያውን መንፈቅ ከእቁቤ ከፈልኩ፤ ከአክስቴ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። አክስቴ በንጉሡ ጊዜ ሰንጋ ተራ ኮሜርስ ጽሕፈትና የቢሮ ሥራ የተማረች፣ በ29 ዓመቷ ያገባች ሴት ናት። እሷም በጊዜዋ «ቆመሽ ቀረሽ» ተብላለች። ግን እኔ እሷን እንደ አስታራቂ መጠቀም ሲገባኝ እንደ መደበቂያ ተጠቀምኩባት። ከዚያ አንድ የሠፈራችን ሰው «ልጅሽ ማታ ሦስት ሰዓት ሜክሲኮ ቆማ ታየች» ብሎ ለእናቴ ነገራት። እኔ ከክፍል ወጥቼ የአየር ጤና ታክሲ እየጠበቅኩ ነበር። ደብረ ብርሃን ሲደርስ ወሬው ሌላ ሆኗል።

እናቴ በበነጋታው በመጀመሪያው አውቶቡስ መጣች። ያን ቀን ነው እውነተኛውን ነገር የሰማሁት። ትምህርት ጠልታ አይደለም። «ሃያ ዓመት የሰው ድግስ ስሠራ፣ የሰው ሽንኩርት ስከትፍ አረጀሁ። የኔ ቤት ድንኳን የሚተከለው መቼ ነው?» አለችኝና አለቀሰች። ለካ እሷን የጨነቃት የሰው ዕዳ ነው። በልታለች፣ አብልታ መመለስ ትፈልጋለች። በዚህ ላይ ስለ ሴት ልጅ መብት ብነግራት ምን ይፈይዳል? «ምርቃቴን አንቺ ደግሽው» አልኳት። አላመነችኝም ነበር። ስመረቅ ግን ጠላ ተጠመቀ፣ በግ ታረደ፣ የእድሩ ድንኳን ተተከለ። ያልተጠራ የለም። ዕዳዋ ግማሽ በግማሽ ተቃለለላት መሰለኝ።

አባቴ ሌላ ነው። ሱቅ አለው፤ ስኳር፣ ዘይት፣ ሳሙና፣ ሻማ። ማኔጅሪያል አካውንቲንግ በሚባለው ትምህርት ላይ የአንድ ትንሽ ንግድ ወጪና ትርፍ ሠርታችሁ አምጡ ተባልን። ለገና ስሄድ የዱቤ ደብተሩን ተቀበልኩት። ቆዳው የተላጠ ሰማያዊ ደብተር ነው፤ ስም የለም፣ «ረጅሟ»፣ «የወታደሩ ሚስት»፣ «ባለ ብስክሌቱ» ነው የሚለው። ስደምረው 14,000 ብር ውጭ ነው። ከዚያ ውስጥ 9,000 የሚሆነው ዓመት ያለፈው ነው። ቤቱ የራሱ ስለሆነ ኪራይ አይቆጥርም። ጠዋት 12 ሰዓት ከፍቶ ማታ 2 ሰዓት የሚዘጋበትን የራሱን ጉልበትም አይቆጥርም። ሁሉንም አስገብቼ ሳሰላው ስኳሩ እያከሰረው ነው፤ ቤቱን የያዙት ሳሙናና ሻማ ናቸው። መነጽሩን አድርጎ ረጅም ሰዓት አየው። «ይቺን ለማወቅ ነው ሦስት ዓመት?» አለኝ። ሳቅን። በሚቀጥለው ሽማግሌ ሲመጣ ግን በሩ ላይ እንደቆሙ «ልጄ ትምህርት ላይ ናት፣ በ2007 እንነጋገራለን» ብሎ መለሳቸው። ዓመቱን ጠርቶ! እኔ ማለት ያቃተኝን ነገር።

ቀላል ነበር እንዳልልሽ። ክፍል የሚጀምረው 11 ሰዓት ተኩል ነው። አንድ ቀን ሒሳብ ስዘጋ 1,800 ብር ጎደለብኝ፣ ስፈልግ አንድ ሰዓት ሆነ፣ የፋይናንስ ፈተናው አመለጠኝ። ብሩንም ከደሞዜ ከፈልኩ። የመመረቂያ ጽሑፌ ካሰብኩት አንድ ዓመት ጨመረብኝ። በዚያ መሀል ሦስት ጊዜ ሚዜ ሆኛለሁ፤ ሦስቱም ቀሚስ ቁም ሣጥን ውስጥ አለ፣ አንዱም ለሌላ ቦታ አይለበስም። ዲግሪውን እንደያዝኩ ዕድገት የጠበቅኩትም ሞኝነት ነበር። ሁለት ዓመት እዚያው መስኮት ላይ ተቀምጫለሁ። በኋላ ብድር ክፍል ስገባ ነው የተማርኩት ሥራ ላይ የዋለው። በ33 ዓመቴ አግብቻለሁ፣ አንድ ልጅ አለችኝ። ይህን የምልሽ ተምረሽም ታገቢያለሽ ብዬ ለማጽናናት አይደለም። አብረውኝ ከተማሩት ያላገቡ አሉ፤ አንዷ ደስተኛ ናት፣ አንዷ አይደለችም።

ወደ አንቺ ልመለስ። ካናዳ ያለውን ልጅ ራስሽ ደውለሽ አነጋግሪው። በሽማግሌ በኩል የሚሄድ መልስ መንገድ ላይ ይለወጣል። የጋብቻ ቪዛ ወራት ይፈጃል፣ አንዳንዴ ከዓመት ይበልጣል። ያንን ሁሉ ጊዜ ቬሎ ለብሳ የተነሳችውን ፎቶ እያየች ቤት ቁጭ ያለች ጓደኛ አለችኝ። ልጁን ከወደድሽው ቪዛ መጠበቁ ራሱ ለትምህርቱ ጊዜ ይሰጥሻል። «ካገባን በኋላ አስተምርሻለሁ» ካለሽ ደግሞ ደስ ይላል፣ ግን በወረቀት ይሁን። በ1992 የወጣው የቤተሰብ ሕግ ተጋቢዎች ከጋብቻው በፊት ወይም በዕለቱ ውል እንዲያደርጉ ይፈቅዳል፤ ስለ ንብረት ብቻ ሳይሆን ስለ ግል ግንኙነታቸውም ጭምር። ከአንቺ ሁለት፣ ከእሱ ሁለት ምስክር ይፈርማል። ይሄ ሕግ የአዲስ አበባና የድሬዳዋ ነው፣ ክልል ከሆንሽ የክልልሽን ጠይቂ። ሽማግሌዎቹ ቅር ይላቸው ይሆናል። ቅር ይበላቸው።

መሥሪያ ቤትሽንም ጠይቂ። የትምህርት ክፍያ የሚሸፍኑ አሉ፤ ግን ከተመረቅሽ በኋላ ይህን ያህል ዓመት ታገለግያለሽ የሚል ግዴታ ያስፈርማሉ። ካናዳ መሄድ ካለ ያ ውል ያስርሻል፣ ሳታነቢ እንዳትፈርሚ።

አንድ ያልጻፍሽው ነገር አለ። እናትሽ የፈሩት ምንድን ነው? ዕድሜሽን ነው? የሰው አፍ ነው? ወይስ እንደኔዋ የድግስ ዕዳ ነው? ሽማግሌዎቹ ተመልሰው ሳይመጡ ማታ ቡና ላይ ብቻችሁን ሆናችሁ ጠይቂያቸው። ምን እንዳሉሽ ጻፊልኝ። ምዝገባው የሚዘጋበትን ቀንም አብረሽ ንገሪኝ።